ዓመት እንዴት መንገድ ይሆናል?

(ስለ ጽንፈ ዓለም ለሕዝብ የሚጻፉ መጻሕፍት በአንባቢ ልቡና ስለሚያሳድሩት የመጠየቅ ፍላጎት በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሰማይ ነው፤ ይኸውም ጽንፈ ዓለም ከየት እንደ መጣና በምን አኳኋን እንዳለ የሚመረምረው ዕውቀት፣ ኮስሞሎጂ የሚባለው፣ ማንም አንባቢ እንዲገባው ሆኖ በተጻፈ ጊዜ በሰው ልቡና ውስጥ ምን እንደሚያነቃ ጥቂት ለማስረዳት ነው። ሆኖም ነገሬን የምጀምረው ከሰማይ ሳይሆን ከደሴ ሰኞ ገበያ፣ ያውም ከእህል ተራው ነው። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ያወቅሁት በዚያ ሥፍራ ነውና።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ማይክሮፎን ፊት ቀርቤ ስለ ከዋክብት አጭር ንግግር አድርጌ ነበር። በንግግሬም ውስጥ ቡና ተብላ ስለምትጠራው ኮከብ አንሥቼ፣ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ያህል እንደምትርቅ ከተናገርሁ በኋላ፣ ነገሩን ለማብራራት ብዬ «የብርሃን ዓመት ማለት የሰማይ ጠበብት ረጅም ዘመንን የሚቆጥሩበት ልክ ነው» አልሁ። ጽሑፉን አስቀድመው ያዩት ሰዎችም፣ ያነበብሁትም እኔ፣ ከመካከላችን ስሕተቱን ያስተዋለ አልነበረም። ንግግሩ አለቀ፤ ባልደረቦቼ «መልካም ነው» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሳምንታት አልፈው ለቤተ ሰብ ጉዳይ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ደሴ ሄድሁ፤ ሰኞም በሆነ ጊዜ ለእናቴ ጤፍ ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። ሰኞ ገበያን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ላላየው በአጭሩ ለመናገር፣ በጦሳ ተራራ ሥር ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከገራዶና ከኮምቦልቻ የመጣው ሰው ከነአህያውና ከነጆንያው የሚገናኝበት፣ የበርበሬው ሽታና የሻጭና የገዢው ክርክር የሚደባለቅበት ሥፍራ ነው። ከእህል ተራው ውስጥ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አየሁ። ከጤፍ ጆንያቸው ላይ ትንሽ ራዲዮ አስቀምጠዋል። ዋጋ ብጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ዝም ብለው ፊቴን ይመለከቱኛል።

«አብሽር ልጄ፣ ዋጋውስ ይደርሳል» አሉኝ በመጨረሻው። «አንተ ያ በራዲዮ ስለ ኮከብ የተናገርኸው አይደለህምን? ድምፅህን አወቅሁት።»

«አዎን አባቴ፣ እኔ ነኝ» አልሁ፤ ደስታዬን ለመደበቅ አልቻልሁም ነበር።

«እንግዲያው ንገረኛ። ያቺ ቡና የምትሏት ኮከብ ሁለት መቶ የብርሃን ዓመት ትርቃለች አልህ። ወዲያው ደግሞ የብርሃን ዓመት የዘመን ልክ ነው አልህ። ዘመን ከሆነ እንዴት ትርቃለች ይባላል? ርቀት ከሆነስ ዓመት ለምን ተባለ? ዓመት እንዴት መንገድ ይሆናል?»

እውነቱን ለመናገር የማመልጥበትን ቀዳዳ ፈለግሁ። ነገሩ የጠበብት ነገር መሆኑን፣ ቋንቋውም ከባድ መሆኑን መደርደር ጀመርሁ። ሽማግሌው ግን አላዳመጡኝም፤ እጃቸውን ከጤፉ ውስጥ አግብተው እያፈሱ ጥቂት አሰቡና «በልጅነቴ» አሉ፣ «ከኩታበር ደሴ ምን ያህል ነው ብዬ አባቴን ብጠይቀው የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይለኝ ነበር። ተንታስ ብለው ደግሞ የዚያን እጥፍ ድርብ ቀን ይቆጥርልኛል። ቀን ብሎ መንገድ ማለቱ ነበር። ይህም እንደዚያ ይሆን? ብርሃን ሁለት መቶ ዓመት የሚሄደው መንገድ?»

አድማጮቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁም። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከፀሐይ እስከ እኛ ያለው መንገድ ለእርሱ የ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መንገድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳያርፍ ቢጓዝ 9 ትሪሊዮን ከ460 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የብርሃን ዓመት የሚባለውም ይህ መንገድ ነው። ስለዚህ በዛሬው ሌሊት በመነጽር ብናያት ከቡና ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው፤ ያን ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ነበሩ። በባዶ ዓይን ግን አትታይም፤ ለዚያ ደብዛዛ ናት።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ ከጤፉ ዋጋ ላይ አንዳች አልቀነሱልኝም። እኔ ግን ወደ እናቴ ቤት ስመለስ በልቤ የማብሰለስለው ስለ ጤፉ አልነበረም። እኚህን ሰው ጥያቄውን ማን ሰጣቸው? የእኔ የተበላሸ ንግግር ነው። መልሱንስ? እርሱን ከአባታቸው አገኙት። ታዲያ ለሕዝብ የሚጻፍና የሚነገር የሰማይ ዕውቀት ሥራው ምንድን ነው?

ይህን ስል ስሕተቴን ለማሳመር እንዳይመስልባችሁ። ስሕተት ስሕተት ነው፤ እነሆ ዛሬ በዚሁ ማይክሮፎን አርሜዋለሁ። ዳሩ ግን ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ሰው፣ እንደ እኔም በራዲዮ ፊት ተቀምጦ፣ ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ስሕተት መናገሩን ስላወቅሁ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

ፍሬድ ሆይል የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በማርች 28 ቀን 1949 በእንግሊዝ ራዲዮ ንግግር አደረገ። በዚያ ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን ጽንፈ ዓለም ከአንድ እጅግ ጠባብና ግሉ ከሆነ አኳኋን ተነሥቶ እየሰፋ መጣ ይላል። ሆይልና ሁለት ጓደኞቹ፣ ቦንዲና ጎልድ፣ ደግሞ ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ የለውም፤ እየሰፋ ሲሄድ በሚተወው ባዶ ቦታ አዲስ ቁስ ጥቂት በጥቂት ስለሚፈጠር መልኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ይሉ ነበር። ሆይል በራዲዮው የተቃዋሚዎቹን አሳብ ለአድማጭ ለማስረዳት ሲፈልግ «ታላቁ ፍንዳታ» የሚል ስም ሰጠው። ንግግሩም የራዲዮ ንግግሮችን እያተመ በሚያወጣ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ታተመ፤ ይህን ጽሑፌን በጋዜጣ የምታነቡ ሰዎች ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አለመሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ። እነሆ ዛሬ በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ፣ በአማርኛም ጭምር፣ የዚያ አሳብ ስም አሳቡን ያልተቀበለው ሰው በራዲዮ ያወጣለት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ሆይል በቀጣዩ ዓመት በተከታታይ ባደረገው የራዲዮ ንግግር ደግሞ፣ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ በሄደ መጠን ሩቅ ያሉት ጋላክሲዎች አንድ ድንበር ያልፉና ከዓይናችን ይሰወራሉ ብሎ ተናገረ። ይህን ካዳመጡት ሰዎች መካከል ሮጀር ፔንሮዝ የተባለ በለንደን የሒሳብ ትምህርት የሚማር ወጣት ነበር። ፔንሮዝ ነገሩን ዝም ብሎ አልተቀበለውም። ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ ብርሃን ከጋላክሲው ወደ እኛ የሚመጣበትን መንገድ በሥዕል ቢሥለው፣ ጋላክሲው እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ በድንገት ሊጠፋ እንደማይችል ታየው። ቆይቶም ካምብሪጅ ወደሚማረው ወንድሙ ሄዶ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳሉ ነገሩን ቢያነሣበት፣ ወንድሙ በሌላ ጠረጴዛ ወደ ተቀመጠ ዴኒስ ሲያማ ወደሚባል ወጣት የፊዚክስ ምሁር አመለከተው። ሲያማ የማያውቀውን ልጅ ጥያቄ አላቃለለም፤ ወዳጁ ሆነ፤ ፊዚክስንም አስተማረው። ያ አድማጭ እ.ኤ.አ. በ1965 ታላላቅ ከዋክብት በራሳቸው ክብደት ሲወድቁ ምን እንደሚሆኑ በሒሳብ አሳየ፤ በ2020 ደግሞ ስለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የዚያው የሲያማ ተማሪ የነበረው ስቲቨን ሆኪንግም የፔንሮዝን ሒሳብ ወስዶ ወደ ኋላ፣ ወደ ጽንፈ ዓለም መነሻ አዞረው።

ከዚህ ላይ የምታስተውሉት፣ ፔንሮዝ ከራዲዮው ያገኘው ዕውቀት አይደለም፤ የሰማው ነገር እንዲያውም አላሳመነውም። ያገኘው አንድ ሊፈትነው የሚችለው ነገር ነው። ሆይል «ይህ ለእናንተ ከባድ ነው፤ እኔን እመኑኝ» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ የሚፈተን ነገር ባልተገኘም ነበር። እኔ በገበያ መካከል ልል የጀመርሁት ይህንኑ ነበር፤ የጤፉ ነጋዴ ናቸው ያስጣሉኝ።

የሆይል አሳብ ራሱ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህም የራዲዮ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ጥሩምባ በመሰለ ትልቅ አንቴና የሰማይን የራዲዮ ሞገድ ሲያዳምጡ ከየትም አቅጣጫ፣ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ ሽሽታ ሰሙ። መሣሪያቸውን ፈታትተው መረመሩ። በአንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ነበርና ርግቦቹን አስወጥተው ኩሳቸውን ጠረጉ። ሽሽታው እንዳለ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የነገሩ ምንጭ ታወቀ፤ ጽንፈ ዓለም ገና በጣም ግሉ ከነበረበት ዘመን የቀረ ሙቀት ነው፤ ከተነሣም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሊሆነው ጥቂት ይቀረዋል። መጀመሪያ የለውም ላለው ለሆይል ይህ ከባድ ማስረጃ ነበር፤ እርሱ ግን እስከ ሞተበት እስከ 2001 ድረስ አልረታም። በጥንቱ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይያዝ ሲቀር በመስኮቱ ላይ የሚርመሰመሰው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ትዝ ይላችኋልን? ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ይኸው የጥንት ሙቀት ነበር። እኛ ቤት አባቴ ቴሌቪዥኑን በጥፊ እየመታ ሊያጠፋው ይሞክር ነበር።

እኔ ራሴ ወደዚህ ነገር የገባሁበት በር ደግሞ ያው ሰኞ ገበያ ነው። በደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ አሮጌ መጽሐፍና ደብተር ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሽፋን የሌለው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ገጾችም አልነበሩትም፤ ሻጩ ለቅመም መጠቅለያ ሰጥቷቸው ይሆናል። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ አንድ ክረምት ሙሉ አነበብሁት። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ አልተማርሁም፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰማይ የማውቀው ሁሉ ከእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት የተለቀመ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጋላክሲዎች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሄዳቸውን ለማስረዳት ጸሐፊው በዘቢብ ዳቦ ይመስለው ነበር። እኔ የዘቢብ ዳቦ አላውቅም ነበርና የእናቴን ድፎ ዳቦ አሰብሁ። ከሊጡ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ታደርጋለች። ሊጡ ኩፍ እያለ ሲነሣ ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፤ በአንድ ጣት ተራርቀው የነበሩት በሁለት ጣት፣ በአራት ጣት ተራርቀው የነበሩት በስምንት ጣት ይራራቃሉ። በአንዷ ፍሬ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁሉም ከእርሱ የሚሸሹ ይመስለዋል፤ ሩቅ ያለውም ፈጥኖ ይሸሻል። ይህን የመሰለውን ነገር ቤልጅጋዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 በሒሳብ አውጥቶት፣ አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል በ1929 የጋላክሲዎችን ርቀት ለክቶ አሳየው። መሸሻቸው የታወቀውም በብርሃናቸው ነው፤ ከእኛ የሚርቅ ነገር ብርሃኑ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ዳገት የተጓዘ ሰው ይህን የሚመስል ነገር በጆሮው ሰምቷል፤ ካሚዮን ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል።

የዳቦውን ምሳሌ ለእናቴ ስነግራት፣ እጅዋ ሊጥ እንደ ሆነ ቀና ብላ «ምጣዱስ?» አለችኝ። ሊጡ የሚሰፋው በምጣድ ላይ ነው፤ ሰማይስ በምን ላይ ሆኖ ይሰፋል ማለትዋ ነበር። እኔም ወደ መጽሐፌ ተመልሼ ብፈልግ ስለ ምጣድ የሚናገር ነገር አጣሁ። መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ በሌላ መጽሐፍ ነው፤ ሊቃውንቱ እስካወቁት ድረስ ምጣድ የለም፤ የሚሰፋው ቦታው ራሱ ነው እንጂ በሌላ ቦታ ላይ የሚዘረጋ ነገር አይደለም። የዳቦው ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ በበኩሌ መልካም ጸሐፊን ከሌላው የምለየው በዚህ ነው፤ ምሳሌ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ምሳሌው የሚያልቅበትን ሥፍራ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። እናቴ ያን ሥፍራ ያለ መጽሐፍ አገኘችው፤ ሊጥ ስለምታውቅ።

ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዘመን አጭር ታሪክ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ አንድ የሒሳብ ቀመር በጨመርህ ቁጥር የገዢህ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል ብለው አስጠንቅቀውት ስለ ነበር፣ ከአንዱ ከአንስታይን ቀመር በቀር ሌላ አላገባበትም። መጽሐፉ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ብዙ ሰው ገዝቶ በመደርደሪያ አቆመው እንጂ አልጨረሰውም እየተባለም ይቀለድበታል። እኔ በዚህ ቀልድ ብዙ አልስቅም፤ እኔም ያላለቀ መጽሐፍ ልጅ ነኝና። ቀመሩን መተው ግን ቀላል ነገር አይደለም። ቀመሩን የተወ ጸሐፊ በቀመሩ ፈንታ ሌላ ነገር ካላስቀመጠ፣ አንባቢውን በዜሮ ብዛት አስደንግጦ ይሸኘዋል። «ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን» እያሉ መደርደር ያስደንቃል፤ ግን የሚጠየቅ ነገር የለውም። በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አድማጮቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ ዶሴ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ ከየት መጣ፣ ማን ፈረመበት፣ በምን ማስረጃ ትላላችሁ። ስለ ሰማይ የተጻፈውንም እንዲሁ ማን ለካው፣ በምን ለካው ማለት ይገባል። ጸሐፊው ይህን ከደበቀ፣ ወይም እንደ እኔ ራሱም ካላወቀው፣ ጽሑፉ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ነው።

በአገራችን ስለ ሰማይ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ ከክፍሎቹ አንዱ ፀሐይ በስድስት ደጆች ስለ መውጣትዋ፣ ጨረቃም ስለ መሙላትዋና ስለ መጉደልዋ ይናገራል። ባሕረ ሐሳብም እስከ ዛሬ በዓላችንን ያወጣል። ዳሩ ግን በዘመናችን አንዳንድ ሰው በቴሌስኮፕ የተገኘው ሁሉ በጥንት መጻሕፍታችን አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ሲል እሰማለሁ። እንዲህ ማለት ለጥንቶቹ ክብር የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን እነርሱ በባዶ ዓይን ተመልክተው፣ ቆጥረው የደረሱበትን ድካም ያስረሳል። የደጆቹን ነገር ማረጋገጥ የሚወድ ሰው ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ ከጦሳ በስተየትኛው በኩል እንደምትጠልቅ ምልክት ያድርግ፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትመላለስ ያያታል።

በእኛም ዘመን ቢሆን ሥራው ቆሞ አልቀረም። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተቋቋመ፤ በእንጦጦም 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። የላሊበላ አካባቢ ተራሮችም ለሚበልጥ መመልከቻ ተጠንተዋል። 2012 ዓ.ም. በተለይ የሚታወስ ዓመት ነው። በታኅሣሥ ወር የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔትዋ እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ስለ ነበር፣ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ ቡና፣ በዙሪያዋ የምትዞረውም ፕላኔት አቦል ተባሉ። በዚያው ወር በ10ኛው ቀን የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተመጠቀች። ቡና የምትገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ በኩል ነው፤ ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጓታል፤ ምንም እንኳ የእነርሱ ኢትዮጵያ የዛሬዪቱ አገራችን ናት ለማለት ባይቻል አጋጣሚው ደስ ያሰኛል። አቦል ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ናት። ሌላ ፕላኔት በቡና ዙሪያ ቢገኝ ስሙ ቶና እንደሚሆን ማንም የወሎ ሰው ሳይነገረው ያውቃል፤ እስካሁን ግን ቶናው አልተቀዳም።

በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ በላሊበላ እንደ ቀለበት፣ በደሴና በኮምቦልቻ እንደ ማጭድ ሆና ታየች። የጤፉ ነጋዴ ጤፉን ሰፍረው ከጨረሱ በኋላ ያነሡብኝ ሁለተኛው ጥያቄ ስለዚህ ነበር። ወረርሽኝ የነበረበት ጊዜ ቢሆንም በማግስቱ በሰኞ ገበያ ወሬው ሁሉ ይኸው እንደ ነበረ ነገሩኝ። «ጨረቃ ፀሐይን ከሸፈነች በላሊበላ ዙሪያው ለምን ቀለበት ሆኖ ቀረ? ልክዋ አነሰ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም፤ አልሸሸሁምም። አንድ ሳንቲም ተቀብዬ በአንድ ዓይናቸው ፊት ያዝሁላቸው። ወደ ዓይን ሲቀርብ የሩቁን የጣሪያ ቆርቆሮ በሙሉ ይሸፍናል፤ ሲርቅ ዳር ዳሩን ይተወዋል። የጨረቃም መንገድ ፍጹም ክብ ስላይደለ አንዳንድ ጊዜ ከእኛ 363,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 405,000 ትደርሳለች። በዚያን ዕለት ራቅ ብላ ስለ ነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን አልበቃችም። ሽማግሌው ሳንቲሙን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አቀረቡት፣ አራቁት። በአጠገባቸው ያለው የሽንብራ ነጋዴም ተቀብሎ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ወዴት እንደ ደረሰ አላየሁም።

ልሄድ ስነሣ አንድ ነገር ነገርኋቸው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጨረቃ እንደገና ፀሐይን ትጋርዳለች፤ በዚያን ቀን ቀረብ ብላ ስለምትገኝ የምትሸፍነው በሙሉ ነው። ሙሉው ጥላ በግብጽ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል፤ በደሴ ደግሞ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ቀኑንም ቆጥሬ ነበርና ሰኞ እንደሚውል ነገርኋቸው፤ እርሳቸው በጤፋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ በገበያው መካከል ይሆናል ማለት ነው። በባዶ ዓይን ፀሐይን መመልከት ዓይን ያጠፋልና ለዚሁ በተሠራ መነጽር ብቻ እንዲያዩ አስጠነቀቅኋቸው፤ እናንተንም በዚህ አጋጣሚ አስጠነቅቃለሁ።

«ኢንሻ አላህ እናያለን» አሉ ሽማግሌው። ጥቂትም ዝም ብለው ወደ ጦሳ ተመለከቱና «ግን ልጄ፣ ሐምሌ እኮ ነው፤ ደመናውስ?» አሉኝ።

እንደምን እደሩ።